ያለ ስም የቀረችው ፎቶ

ሉባባ ይህን ሥራ የጀመረችው ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም ያልደፈረውን በመናገሯ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ያሉ የደሴ ሰዎች ነገሩን እስከ ዛሬ ያነሱታል፤ ግማሾቹ እየሳቁ፣ ግማሾቹ እንዳኮረፉ።

ሟቹ በመስጂዱ ጀመዓ የተከበሩ አዛውንት ነበሩ። ልጆቻቸው አባታቸውን ለማክበር ያገኙትን የድሮ ፎቶ ሁሉ ሰብስበው ሳሎን ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ እያከታተሉ ያሳያሉ፤ በየፎቶው ሥርም ማን እንደሆነ ጽፈዋል። ለቀስተኛው ምንጣፉ ላይ ተደርድሮ ከንፈሩን ይመጣል። በዚህ መሐል ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ትከሻው ላይ የሰፋ ኮት የለበሰ ጎረምሳ ብቅ አለ። ከሥሩ «አባታችን በወጣትነቱ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ያለቀ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብለው ሊያሳልፉት ነው። ሉባባ ግን ከሴቶቹ መሐል ሆና፣ «ይሄ አባታችሁ አይደለም» አለች።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«ሶሪ፣ ግን ነው» አለ ታላቁ ልጅ። «ኮቱን ይዩት። በዚሁ ኮት የተነሳው ሌላ ፎቶም አለን።»

«ኮቱን ተወው የኔ ልጅ» አለችው። «ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የገባው ሁሉ እየለበሰ ይነሳበት ነበር። የኔም ወንድም ተነስቶበታል፤ እጅጌው ጣቱን ውጦት። የደሴን ጎረምሳ በኮቱ ከለየህማ ከተማው ሁሉ አባትህ ነው።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣትና በሻርፗ አፏን ያዘች። የለቅሶ ቤት ሳቅ ደግሞ አንዴ ካመለጠ መመለሻ የለውም። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹም ተራ በተራ ተነፈሱ፤ ባለኮቱ የሟች የልብ ጓደኛ እንደነበረ፣ ሁለቱም አንድ ቀን አንድ ፎቶ ቤት ገብተው ኮቱን እየተቀባበሉ እንደተነሱ ተናገሩ። ሲወጡ አንዳንዶቹ ሉባባን ገላመጧት። «ሐዘንተኛ እንዴት በለቅሶው ይታረማል?» አሉ። በሳምንቱ ግን ያው ልጅ ስልክ ደወለላት። «እትዬ ሉባባ፣ ሌሎቹንም መጥተው ይዩልን» አላት።

ሉባባ ስድሳን ለመርገጥ ጥቂት የቀራት፣ አጠር ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። ፍራንክሊንተን በሚባለው ሰፈር ወለሉ በተረገጠ ቁጥር የሚያቃስት አሮጌ ቤት አላት። የምትሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ካርቶን ላይ ሌብል ትለጥፋለች። ባልደረቦቿ ሥራው አእምሮ ያደነዝዛል ሲሉ እሷ አትስማማም። «ሌብል የሌለው ካርቶን ውስጡ ወርቅ ቢሆንም የትም አይደርስም፤ ጥጉን ይዞ አቧራ ይጠጣል» ትላለች። ፎቶም ለሷ እንደዚያው ነው።

ይህን ከሜዳ አላመጣችውም። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትስቅ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ማናት?» ይላታል። «አላውቃትም» ትላለች። ከእናቷ ሻንጣ የወጣች ፎቶ ናት። እናቷ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን አንስተው «ይቺን ታውቂያታለሽ?» ብለዋት ነበር፤ ሉባባ ለሥራ ስትጣደፍ «ቆይ፣ ስመለስ» አለች። ስትመለስ ሌላ ወሬ ተነሳ፣ በማግስቱም ሌላ። እናቷ ሲሞቱ የሴትዮዋ ስም አብሮ ተቀበረ። ሉባባ ያቺን ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ልትደብቃት ትችል ነበር። እሷ ግን ሰቀለቻት፤ ከሥሯም በእርሳስ «የእናቴ ወዳጅ ትመስላለች። ስሟን ሲነግሩኝ አልቆምኩም» ብላ ጻፈች። ይህን ጽፎ እንግዳ በሚቀመጥበት ቤት መስቀል ድፍረት ይፈልጋል።

ሉባባ ሕግ አላት። በእስክሪብቶ አትጽፍም፤ እስክሪብቶ ከጀርባ ሲጫኑት ከፊት በኩል የሰው ጉንጭ ላይ ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ነው የምትይዘው። በቦታው ያልነበረ ሰው የነገራትን «ይባላል» ብላ ትጽፋለች፣ ራሷ የገመተችውን «ይመስላል» ብላ። በቦታው የነበረ ሰው በአንደበቱ የመሰከረውን ብቻ ያለ ቅጥያ ታሰፍራለች። ማር ማር የሚል ቃልም አትጨምርም። «የማይረሳ ቀን ብለሽ ጻፊልን» ሲሏት፣ «ማን ነው የማይረሳው? ረስታችሁት አይደል እንዴ እኔን የጠራችሁኝ?» ትላለች። ምላሷ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው ይወዳታል ማለት ውሸት ይሆናል።

ሥራዋን ያየ ግን ምላሷን ይችልላታል። አዛውንቶቹን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ትሰበስብና ፎቶውን መሐላቸው አስቀምጣ ታፋጥጣቸዋለች። አንዱ «ይሄ ሐይቅ ነው» ሲል ሌላው «የምን ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ እንጂ!» ይላል። ከዚያ ስለ ዛፉ ይጣላሉ፣ ስለ ቆርቆሮው ይጣላሉ፣ አውቶቡሱ ላይ ተደግፎ ስለቆመው ሰውዬ ሚስት ይጣላሉ። ሉባባ አትፈርድም። ዝንጅብል ሻይ እየቀዳች ትጠብቃለች፤ ጭቅጭቁ ሲበርድ ሁለቱም የማይክዱት ነገር ይቀራል፣ እሷም ያንን ትጽፋለች። በልጆቻቸው ቤት ቴሌቪዥን ፊት ሲያንቀላፉ የሚውሉ ሽማግሌዎች እሷ ፊት ሲቀመጡ ጀርባቸው ይቃናል። አንዱ አዛውንት ጫማቸውን እያጠለቁ «ዛሬስ ሰው ፈልጎኝ ዋለ» ብለዋት ነበር። ሉባባ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ይህን ቃል እያሰበች ትንሽ ቆየች።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለች ነው ዓብደላ የጠራት። ዓብደላ ከሉባባ ጋር አንድ ሰፈር፣ ደሴ ሸዋበር ያደገ፣ ዌስተርቪል የሚኖር ሰው ነው። የጭነት መኪና ሥራ ስላለው ስልክ ከጆሮው አይወርድም። ልጁ ሚልኪ ልታገባ ነው። የሂናዋ ቀን የሙሽራው የሰዓድ ወገኖች ከማን ጋር እንደተዛመዱ እንዲያዩ፣ የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ ስም ተጽፎበት እንዲደረደር ፈለገ።

«ሥራ በዝቶብኛል ብዬ እስከ ዛሬ አቆየሁት» አላት በስልክ። «ዊኬንድ ላይ ነይልኝ። ምስክር እንደሆነ እቴቴ አለችልሽ።»

እቴቴ የሚላቸው አክስቱን ነው፣ እትዬ ሲቲን። የዓብደላ እናት ዘሀራ የሞተችው እሱ ጥርስ ሳያበቅል ነው። ታናሽ እህቷ ሲቲ ያኔ ገና ልጃገረድ ነበሩ፤ ሕፃኑን ተቀብለው ታቀፉ። ባል ሲመጣ «ከነልጄ ከሆነ» እያሉ፣ የመጣውም እየተመለሰ፣ ሳያገቡ ቀሩ። ዓብደላ አሜሪካ ሲገባ ይዟቸው መጣ። ሚልኪንም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቤት የእትዬ ሲቲ እጅ ያልነካው ሰው የለም።

የእናቱ የዘሀራ ቦታ ግን ሌላ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ገብተው ቀና ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት የሷን ፎቶ ነው። ሻሽ ያሰረች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃን ጭኗ ላይ፣ ሁለት እጆቿ ሆዱ ላይ ተደራርበው። ዓብደላ ከእናቱ ጋር ያለው ፎቶ ይህ ብቻ ነው። ሥራ ሲከፋበት እዚያ ፎቶ ፊት ይቀመጣል። ሚልኪ አባቷ ሲያለቅስ ያየችው እዚያ ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። ለሂናው ቀን ፎቶዋን አስተልቆ በሩ አጠገብ ሊያቆማት አስቧል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሉባባና እትዬ ሲቲ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፤ ዓብደላ ጓሮ ሆኖ ከሹፌሮቹ ጋር በስልክ ይጯጯሃል። እትዬ ሲቲ ምስክር ማለት ናቸው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ አይተው «ይቺ ቀሚስ ቢጫ ነበረች፣ ከአሰብ የመጣች» ይላሉ። የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን በቅሎ፣ በቅሎዋን የሰረቀውን ሰው ይቆጥራሉ። ሲያወሩ ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ይጫወታል። ግራው ግን ሁልጊዜ ከሻርፓቸው ሥር ነው። ሂና እንኳ በቀኛቸው ብቻ ነው የሚያስደርጉት፤ ለምን ሲባሉ «ግራው ብዙ ሠርቷል፣ አያምርበትም» ብለው ያልፋሉ።

በመጨረሻ ሉባባ ትልቁን ፎቶ ከፍሬሙ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። እትዬ ሲቲ ድምፃቸው አጠረ።

«ዘሀራ ናት። ልጁ ዓብደላ። ደሴ።»

«ማን ጋ ነው የተነሱት?»

«እንጃ።»

«እርስዎ አብረው ሄደው ነበር?»

«አልነበርኩም።»

ሉባባ እርሳሷን አስቀመጠች። የሰው በቅሎ ማን እንደሰረቀ የሚያስታውሱ ሴት የገዛ እህታቸው የተነሳችበትን ፎቶ ቤት እንዴት ይረሳሉ? ፎቶውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። በብርሃን ሲያዩት አንገቷ ላይ፣ ልክ ከሻሿ ሥር፣ በብሩሽ የተዳበሰች ቀጭን መስመር አለች። ፊቱ ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል፤ እጆቹና ልጁ ላይ ከግራ። ሉባባ ይህን ጥበብ ታውቀዋለች። የድሮ ፎቶ ቤቶች የሞተን ከቆመ ያገናኙ ነበር፤ ቆርጠው፣ አጣብቀው፣ ስፌቱን ቀብተው እንደገና ያነሱታል። ከዚያ እጆቹን አየች። የግራ እጅ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ውስጥ ታጥፋለች።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

«እትዬ ሲቲ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግራ እጅዎን ያሳዩኝ።»

እትዬ ሲቲ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አዩ። ዓብደላ አሁንም ስልክ ላይ ነው። ቀስ ብለው እጃቸውን ከሻርፓቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። ትንሿ ጣታቸው በልጅነታቸው የወፍጮ ቤት በር ይዟት እንደታጠፈች ቀርታለች።

«ዘሀራ ስትሞት የቀረችን አንዲት ጉርድ ፎቶዋ ናት» አሉ። «አባቱ ‹ልጄ እናቱ አቅፋው እያየ ይደግ› አለ። ፎቶ አንሺው ደግሞ ‹ቁመናዋ የሚመስል ሰው አምጡልኝ› አለ። እኔ ነኝ የምመስላት። ቀሚሷን ለበስኩ፣ ሻሿን አሰርኩ። ይሄ ልጅ አልቀመጥም ብሎ ሲንፈራገጥ ጊዜ አጥብቄ ያዝኩት። ከዚያ ሰውዬው ፊቴን በምላጭ ቆርጦ አወጣና የሷን አገባበት።»

«የእርስዎ ፊትስ?»

«ምኑን አውቄ፤ ጠርጎ ጥሎት ይሆናላ» አሉና ፈገግ አሉ። «በልጅነቴ ፎቶ የተነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ሉባባ እርሳሷን ልታነሳ ስትል ያቺው የታጠፈች ጣት እጇን ያዘቻት።

«እንዳትጽፊው። እንዳትነግሪውም። በዚህ ዕድሜው ከእናቱ ጭን ልታወርጂው ነው?»

ሉባባ እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ዓብደላ ከእናቱ ጋር» ብላ ብትጽፍ በቦታው የነበረች ምስክር አፍ አውጥታ የተናገረችውን መካድ ነው፤ የእትዬ ሲቲን እጅ ደግሞ እንደ ፊታቸው ቆርጦ መጣል ነው። እውነቱን ብትጽፍ የራሷ ያልሆነ ምስጢር ታወጣለች፣ አንድን ሰው ያለችውን አንዲት እናት ትነጥቀዋለች። ፎቶዎቹ ያሉበትን ካርቶን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሎቹን በሙሉ ጻፈች። እቺን ስታነሳ ስታስቀምጥ ሰነበተች። ሥራ ቦታ ሌብል ያልተለጠፈበት ካርቶን አልፏት ሲሄድ አለቃዋ ስሟን ጠርቶ ጮኸ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። በመጨረሻ ፎቶዋን ጀርባዋ ባዶ እንደሆነ ካርቶኑ ውስጥ መለሰቻት።

ሥራውን ልታስረክብ ስትሄድ ዓብደላና ሚልኪ አብረው ተቀበሏት። አባትና ልጅ ፎቶዎቹን እየገለበጡ አነበቡ፣ ሳቁ። አንዱ ጀርባ ላይ «ከግራ ወደ ቀኝ፦ ኢማሙ፣ ኢማሙን ያስቀየመው ጎረቤት፣ ያስታረቃቸው አያትህ» ይላል። ሚልኪ «ዋው፣ እኔ እኮ ሁሉም ሰርገኛ መስለውኝ ነበር» አለች። ከዚያ ዓብደላ ትልቁን ፎቶ ገለበጠው። ነጭ ነው።

«እቺን ረሳሻት?»

«አልረሳኋትም።»

«ታዲያ ጻፊያ! ‹ዓብደላ ከእናቱ ከዘሀራ ጋር›። ሲምፕል ነገር ነው።»

«እኔ አልጽፋትም ዓብደላ። አንተ ጻፋት።»

«ለምን?»

ሉባባ ዝም አለች። በዕድሜዋ ሙሉ አፏ አስቸገራት እንጂ ዝምታዋ አስቸግሯት አያውቅም ነበር። ዓብደላ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የሰውን ሁሉ ዘመድ፣ የጎረቤት በቅሎ ሳይቀር ስትጽፊ የኔን እናት ብቻ ያለ ስም ትተያታለሽ? የማታውቂያትን ሴት እንኳ ሳሎንሽ ሰቅለሽ ጽፈሽባታል! ድሮም ሰው ማዋረድ ትወጃለሽ። የሙት ልጆችን በለቅሷቸው ያሳቅሽባቸው አንቺ አይደለሽ?»

ሉባባን ማድነቅ ለሚፈልግ፣ ማድነቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቃል ነጻ ያወጣታል፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ አለ። ያች ለለቅሶ ቤት ያልተመለሰች ምላስ ግን አሁን ጥርሷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አንገቷን ደፍታ ሰደበኝ አዋረደኝ ሳትል፣ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ተነሳች።

«ዓብደላ! በቃ!»

እትዬ ሲቲ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ዓብደላ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቶ አያውቅም። መጡና ፎቶውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስተካከሉት። ግራ እጃቸውን አወጡ፤ በፎቶው ላይ ካለው እጅ አጠገብ አኖሩት። አንዱ ወጣት ነው፣ አንዱ ደም ሥሩ የወጣ። ትንሿ ጣት ግን ያው ናት።

ቀድማ የገባት ሚልኪ ናት። «ዌይት… እቴቴ፣ ይሄ ያንቺ እጅ ነው» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እትዬ ሲቲ ለሉባባ የነገሯትን ነገሩት። አላሳመሩትም፣ አላሳጠሩትም። «ይቺ ሴት ዝም ያለችው እኔ ለምኛት ነው፤ ሰው አትበድል» ሲሉ ጨረሱ። ዓብደላ ፎቶውን አትኩሮ አየ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ጋራዡ ሲከፈት፣ መኪናው ሲወጣ ተሰማ።

እትዬ ሲቲ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ይኸው፣ ከጭኗ ወረደ» አሉ።

ሉባባ ወደ ቤቷ ስትነዳ እንባዋ መንገዱን ጋረደባትና አንድ ሱቅ ፊት መኪናዋን አቆመች። ምነው ጽፌለት በተገላገልኩ አለች። አንድ ውሸት፣ በእርሳስ፣ ማን ይጎዳ ነበር? መልሱን ታውቀዋለች፤ አሁንም ቢሆን እጇ እሺ አይላትም። ቢሆንም ልቧ አልተጽናናም።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት ስልክ ጠፋ። ወሬው ግን መስጂድ ደረሰ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሏት፤ የፎቶውን ስም ስታስተካክል የልጅነት ሰፈሯን ሰው አጣች ለማለት ነው። እሷም አልተከራከረችም። ሌላ ቤት ሲጠሯት «አሁን አልችልም» አለች። እርሳሷ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያው ጋር ተጋደመች። ግድግዳዋ ላይ ያለችው ሴት ብቻ እንደ ድሮዋ ትስቃለች።

ሂናው ሲቃረብ ሚልኪ ደወለች።

«እትዬ ሉባባ፣ ይመጣሉ አይደል? ባባ ራሱ ነው ኮል አድርጊላት ያለኝ።»

«ሌላ ነገር አላለም?»

«ኖ። ‹እንዳትቀር› ብቻ።»

ሉባባ የክት ልብሷን ለብሳ ሄደች። የዓብደላ ቤት መንገድ ግራና ቀኙ በመኪና ተሞልቷል፤ ከውስጥ የሴቶቹ እልልታና ድቤ ይሰማል። በሩ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን በሚያወልቅበት፣ ያ ፎቶ ተልቆ ቆሟል። ላለማየት ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች። ጫማ መፍታት ግን የሰው ዕድሜ አይፈጅምና ቀና አለች።

ከፎቶው ሥር ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። ፊደሉ የተማሪ ፊደል ነው፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ አማርኛ በእጁ ከጻፈ ብዙ ዘመን የሆነው ሰው ጽሕፈት።

«ፊቷ፦ እናቴ ዘሀራ። እጆቿ፦ እቴቴ ሲቲ። የታቀፍኩት እኔ፣ ዓብደላ። ደሴ። ምስክር፦ ሲቲ፣ በቦታው የነበረች።»

ሉባባ የመጨረሻዋን መስመር ደጋግማ አነበበች። «ይመስላል» የለበትም፣ «ይባላል» የለበትም። ከኋላዋ ሰው መጣ። ዓብደላ ነው፤ ስልኩን አልያዘም።

«አውፍ በይኝ፣ በድዬሻለሁ» አላት።

«አውፍ ብያለሁ። አንተም በለኝ።»

«ያን ቀን እናቴን ያጣሁ መስሎኝ ዝም ብዬ ነዳሁ» አለ። «ስነዳ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። እዚያ ፎቶ ፊት ስቀመጥ ፊቷን አይቼ አላውቅም ሉባባ። ፊቷን አላስታውሰውማ። ሁልጊዜ የማየው እጆቿን ነበር።» ይህን ብሎ ወደ ወንዶቹ ሄደ።

ሴቶቹ ሳሎኑን ሞልተውታል። ሚልኪ መሐል ተቀምጣ ሂና ይሠራላታል፤ እትዬ ሲቲ ከጎኗ ናቸው። ሉባባን ሲያዩ ፍራሹን መታ መታ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«በሩ ላይ ምን ብሎ ጻፈ?» አሉ። «መነጽሬን ወጥ ቤት ትቼው ማንበብ አልቻልኩም።»

መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሉባባ አየችው፣ እንዳላየች ሆነች፣ ጆሯቸው ድረስ ጠጋ ብላ ነገረቻቸው።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ሂና የምትሠራዋ ልጅ ሙሽራዋን ጨርሳ ወደ እሳቸው ዞረች። ልማዳቸውን ሁሉም ያውቃልና ቀኝ እጃቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እትዬ ሲቲ ሻርፓቸውን ገለጥ አድርገው ግራቸውን ሰጧት።

«ከትንሿ ጣት ጀምሪልኝ» አሏት።